ከአያት አገር ርቆ ቼሮኪ ሆኖ መኖር

ባለፈው ሰሞን አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችን፣ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ከቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ ያኖርነውን አንድ ገጽ ጽሑፍ አንሥቶ ገልበጥ ገልበጥ ካደረገ በኋላ፣ «ይህ ደግሞ የማን ፊደል ነው? ግማሹ የፈረንጅ ፊደል ይመስላል፤ ግማሹ ግን ምንም አይመስልም» ሲል ጠየቀን። የቼሮኪዎች ፊደል ነው ብንለው፣ «እነዚያ ቀይ ሕንዶች የሚባሉት? እነሱ እኮ ከሲኒማ በቀር የትም የሉም» ብሎ ሣቀ። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያስገደደን ያ ሣቅ ነው። ቼሮኪዎች አሉና። ከመኖራቸውም በላይ፣ ዛሬ እርስ በርሳቸው የሚከራከሩበት ጉዳይ ከቤተ ሰቡ ርቆ የተማረና የተቀጠረ ወጣት ሁሉ ቢሰማው የማይጸጸትበት ነው። ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ግን፣ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በዩናይትድ ስቴትስ የፌዴራል መንግሥት ዘንድ የታወቁ ሦስት የቼሮኪ አስተዳደሮች አሉ። ሁለቱ መቀመጫቸው በኦክላሆማ ግዛት፣ ታሌኳ በምትባል ከተማ ነው፤ ሦስተኛው በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ውስጥ ይገኛል። ከሦስቱ ታላቁ «የቼሮኪ ብሔር» የሚባለው ሲሆን፣ በ2023 በመዝገቡ የሰፈሩት ዜጎች ከ450,000 በላይ ሆነው ነበር። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል በሰሜን ምሥራቅ ኦክላሆማ በሚገኘው በብሔሩ ክልል ውስጥ የሚኖሩት ከግማሽ በታች ናቸው። የቀሩት በካሊፎርኒያ፣ በቴክሳስ፣ በካንሳስ፣ በኮሎራዶና በሌሎችም ግዛቶች ተበትነው ይኖራሉ። ሐኪም፣ ሾፌር፣ አስተማሪ፣ ወታደር ናቸው፤ ጎረቤታቸውም ማንነታቸውን አያውቅም። እንግዲህ ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው። ከሕዝቡ ርቆ በሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ የአያቶቹን ቅርስ ጠብቆ ማቆየት ይችላልን? የሚችል ከሆነስ በምን?

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ወደ ኋላ ጥቂት መመለስ ግድ ነው። ኦክላሆማ ራሷ የቼሮኪዎች ጥንታዊ አገር አይደለችም። አገራቸው ዛሬ ጆርጂያ፣ ቴኔሲ፣ ሰሜን ካሮላይናና አላባማ የሚባሉት ግዛቶች የሚገናኙበት ደጋ ነበር። በ1830 በፕሬዚዳንት ጃክሰን ዘመን ሕንዶችን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ የሚያሻግር ሕግ ወጣ። በ1832 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ቢፈርድም፣ ፍርዱን የሚያስፈጽም ጠፋ። በ1835 ጥቂት ሰዎች፣ የሕዝቡ ዋና አለቃ ጆን ሮስ ሳይስማማ፣ ምድሪቱን የሚያስረክብ ውል ፈረሙ። በ1838ና በ1839 ወደ 16,000 የሚሆን ሕዝብ በወታደር ተነድቶ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። በመጠለያው ካምፕና በመንገድ የሞቱት አራት ሺሕ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ቼሮኪዎች ይህን ጉዞ በእንባ የሚጠሩት በከንቱ አይደለም።

የሚደንቀው ግን ከደረሱ በኋላ ያደረጉት ነው። በዚያው በ1839 በታሌኳ አዲስ ሕገ መንግሥት ጻፉ፤ በ1851 ለወንዶችና ለሴቶች ልጆች ሁለት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ከፈቱ። ስለዚህ ዛሬ «የአያት አገር» የሚባለው ታሌኳ፣ በራሱ ተነቅሎ የተተከለ አገር ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ ወይም ከሂዩስተን ሆኖ ወደዚያ የሚያይ ሰው፣ አንድ ጊዜ በስደት ያቈጠቈጠውን ነው የሚያየው። ይህን ካላስተዋልን፣ ቅርስ ከመሬቱ ከተለየ ይሞታል የሚሉት ሰዎች በቀላሉ ያሳምኑናል።

እነዚህን ትምህርት ቤቶች ያሰብናቸው ያለ ፊደል አልነበረም። ሰኳያ የተባለው የቼሮኪ አንጥረኛ እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል፣ ፈረንጆች በወረቀት ላይ ንግግር እንደሚያኖሩ ብቻ አይቶ፣ ለቋንቋው ፊደል ሲፈልግ ብዙ ዓመት ቈየ። በ1821 ጨረሰው። ሰው ሁሉ አብዷል ሲለው፣ በመጀመሪያ ያስተማራት ትንሽ ልጁን አዮካን ነው ይባላል፤ በሌላ ክፍል አኑሮ የተጻፈውን ስታነብ ሽማግሌዎቹ አመኑ። አንባቢዎቻችን ይህን ፊደል ቢያዩ ከማንኛውም የላቲን ፊደል ለቃሪ ይልቅ በቶሎ ይገባቸዋል። እያንዳንዱ ምልክት እንደ እኛው አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ተነባቢውን ከአናባቢው ጋራ ይይዛልና። ምልክቶቹ 85 ናቸው፤ አናባቢዎቹ ስድስት። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እኛ ለ፣ ሉ፣ ሊ ስንል መልኩ አንድ ቤተ ሰብ መሆኑ ይታወቃል፤ በቼሮኪ ግን እያንዳንዱ ምልክት ብቻውን ነው፤ ወንድሙን አይመስልም። ሁሉንም በቃል መያዝ ነው።

ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፊደሉ የመጀመሪያ አገልግሎት ነው። በዚያን ጊዜ ከቼሮኪዎች ከፊሉ አስቀድመው ወደ አርካንሳስ ተሻግረው ነበር። ሰኳያ ወደዚያ ሄዶ ካስተማራቸው በኋላ፣ የእነሱን ቃል ጽፎና አሽጎ በምሥራቅ ለቀሩት ወገኖቻቸው እንዳመጣ ይተረካል። ያ ፊደል ከትምህርት ቤትና ከጋዜጣ በፊት የተለያዩ ዘመዳሞች ደብዳቤ ነበር ማለት ነው። ጋዜጣው የመጣው በኋላ፣ በ1828፣ በኒው ኢቾታ ከተማ በኤልያስ ቡዲኖት አዘጋጅነት ነው። ሰኳያም ራሱ በ1843 የሞተው በሜክሲኮ ነው። በእርጅናው የሄደበት ምክንያት ወደዚያ ተሻግረው የጠፉትን ቼሮኪዎች ፈልጎ ለመመለስ ነበር። መቃብሩ እስከ ዛሬ በእርግጥ አልታወቀም።

ሁለተኛው መበተን እንደ መጀመሪያው በወታደር አልመጣም፤ በመዝገብና በባቡር ትኬት መጣ። በ1898 የወጣው ሕግ የጋራ የነበረውን መሬት ለየሰዉ ቈራርሶ አከፋፈለ፤ ኦክላሆማም በ1907 ግዛት ሆነች። የተከፋፈለው መሬት ብዙው ከእጃቸው ወጣ። ከዚያ በ1950ዎቹ ዓመታት የፌዴራሉ መንግሥት ለሕንዶች ያለበትን ኃላፊነት ለመቀነስ ሲል፣ ቤተ ሰቦችን ከገጠር እያነሣ ወደ ትልልቅ ከተሞች የሚልክ እቅድ አወጣ። ቺካጎ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ደንቨር፣ ሳን ፍራንሲስኮ የዚያን ጊዜ መዳረሻዎች ነበሩ።

ከእነዚህ ቤተ ሰቦች አንዱ የማንኪለር ቤተ ሰብ ነው። አባትየው ቻርሊ ማንኪለር ቼሮኪ፣ እናትየው ከአውሮፓውያን ዘር፣ ልጆቹ አሥራ አንድ። ድርቅ እርሻቸውን ሲያደርቅባቸው በ1956 እቅዱን ተቀብለው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተጓዙ። ልጅቱ ዊልማ ገና አሥራ አንድ ዓመት አልሞላትም ነበር። በኋላ እንደ ተረከችው፣ በመጀመሪያው ሌሊት የከተማውን የአምቡላንስና የፖሊስ ሳይረን ሰምታ የዱር አውሬ መስሏታል። በትምህርት ቤት ስሟ ሲጠራ ልጆች ይሥቁባት ነበር። እርሷና እኅቷ የገጠር አነጋገራቸውን ለማጥፋት ማታ ማታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጽሐፍ ያነብቡ ነበር። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ አነጋገሩን ለማረም የታገለ ሰው ይህን ሲያነብ የማያውቀው ነገር አያገኝበትም።

ይህ ቤተ ሰብ ለምን አልጠፋም? መልሱን በቤታቸው ውስጥ ብቻ ብንፈልግ እንሳሳታለን። አባትየው ቋንቋውን ያውቅ ነበር፤ ስለ ሕዝቡም ይናገር ነበር፤ ግን በገመድ ፋብሪካ ሠርቶ የሚገባ አባት ለአሥራ አንድ ልጆች ብቻውን ሕዝብ ሊሆንላቸው አይችልም። ያዳናቸው በከተማው የነበረው የሕንዶች መሰብሰቢያ ማዕከል ነው። በዚያ የሚገናኙት ቼሮኪዎች ብቻ አልነበሩም፤ ከየነገዱ የመጡ፣ ዕድላቸው አንድ የሆነ ሰዎች ነበሩ። ዊልማ ከዚያ አካባቢ ወጥታ በ1969 የተጀመረውን የአልካትራዝ ደሴት እንቅስቃሴ ደገፈች፤ በ1970ዎቹም ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ወደ አያቷ መሬት ተመለሰች። ቤል በሚባል፣ አብዛኛው ሰው ቼሮኪኛ በሚናገርበት መንደር፣ ነዋሪው ራሱ ቦይ ቈፍሮ የውሃ ቧንቧ እንዲዘረጋ አስተባበረች። ይህን ዓይነቱን የኅብረት ሥራ ቼሮኪዎች ጋዱጊ ይሉታል፤ እኛ ደቦ ከምንለው እምብዛም አይለይም። በ1985 ዋና አለቃ ሆነች፤ እስከ 1995 ድረስም አገለገለች። ከቤት የወጣችው በመንግሥት ትኬት ነው፤ የተመለሰችው ግን ከከተማ ያመጣችውን የማደራጀት ልምድ ይዛ ነው።

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን የእኛን አሳብ በግልጽ እንናገር። ቅርስን በቤት ውስጥ ብቻ የሚጠብቅ ቤተ ሰብ ተረቱን፣ ምግቡንና ስሙን ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የልጅ ልጆቹ ዘንድ ሲደርስ ግን የሚቀረው «አያታችን ቼሮኪ ነበሩ» የሚል ወሬ ነው። የዚህ ወሬ ብዛት ራሱ የዛሬ ችግር ሆኗል። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ቼሮኪ ነኝ ወይም ከቼሮኪ እወለዳለሁ ያለው ሰው አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ነው። ከመዝገቡ ጋራ ሲተያይ ከሁለት እጥፍ እጅግ ይበልጣል። አንዳንዱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ማስረጃው የጠፋበት ነው፤ ብዙው ግን «አያታችን የቼሮኪ ልዕልት ነበረች» የሚል የቤት ተረት ወራሽ ነው። ቼሮኪዎች ልዕልት ኖሯቸው አያውቅም።

ታዲያ ዜጋ ማን ነው? የቼሮኪ ብሔር የደም መጠን አይጠይቅም። የሚጠይቀው በ1898ና በ1906 መካከል በተጻፈው፣ ዶውስ በሚባለው መዝገብ ላይ ካለ ሰው በቀጥታ መወለድን ነው። የሰሜን ካሮላይናዎቹ በ1924 ከተዘጋጀው መዝገብ መወለድንና የአሥራ ስድስተኛ ደም ድርሻን ይጠይቃሉ፤ በታሌኳ የሚገኘው ሁለተኛው አስተዳደር ደግሞ ሩብ ይላል። ሦስቱም ሕጎች ጉድለት አላቸው። የመሬት ክፍፍሉን ከተቃወሙት አጥባቂዎች አንዳንዶቹ በመዝገብ አንጻፍም ያሉ ነበሩ፤ ስለዚህ ለልማዱ ከሁሉ የታመነው ሰው ዘር ከመዝገቡ ሊጎድል ይችላል። ከዚህም የከፋ ነበር። ቼሮኪዎች ባሪያ ያደርጓቸው የነበሩት የጥቁሮች ልጆች በ1866 ውል ዜግነት ተሰጥቷቸው ሳለ፣ በ2007 በሕዝብ ድምፅ እንዲወጡ ተደረገ። በ2017 የፌዴራል ፍርድ ቤት መብታቸውን መለሰ፤ በ2021ም የብሔሩ የራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «በደም» የሚለው ቃል ከሕገ መንግሥቱ እንዲወጣ ወሰነ። እኛ እንደሚመስለን ይህ ውሳኔ ለተበተኑት ሁሉ ይጠቅማል። የአባልነት መሠረት ታሪክና ግዴታ እንጂ የደም ስፍር አለመሆኑን ይናገራልና።

የጥንቱ ሥርዓት ግን መዝገብም ደምም አልነበረም። ቼሮኪዎች ሰባት ጎሣዎች አሏቸው፤ ጎሣ የሚቈጠረውም በእናት ነው። የተኵላ ጎሣ ሴት ልጅ የወለደችው ሁሉ ተኵላ ነው። አባት ቼሮኪ ሆኖ እናት ከውጭ ከሆነች ልጁ ዜጋ ሊሆን ይችላል፤ ጎሣ ግን የለውም። አባትን ቈጥረን ለምናድግ ለእኛ ይህ እንግዳ ነው። በከተማ ተወልዶ ከውጭ ሴት ላገባ ወንድ ግን ከእንግዳነት ያለፈ ኀዘን ነው፤ የልጆቹ የጎሣ ሐረግ በእርሱ ላይ ይቋረጣልና። የወደፊቱ መጽሐፍና የምዝገባ ወረቀት ይህን ሊጠግነው አይችልም።

ወደ ገንዘቡ ጉዳይ እንምጣ፤ ክርክሩ የሚጋጋለው በዚህ ነው። በ2019 ሦስቱ የቼሮኪ አስተዳደሮች በአንድነት ተሰብስበው ቋንቋቸው በአስጊ ሁኔታ ላይ መሆኑን አወጁ። በዚያን ጊዜ ቋንቋውን አፍ ከፈቱበት ጀምሮ የሚናገሩት ሁለት ሺሕ ያህል ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹም አረጋውያን። በዚያው ዓመት ዋናው አለቃ ቸክ ሆስኪን ለቋንቋው 16 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ አደረጉ። በታሌኳ ቁማር ቤት የነበረ ሕንፃ የቋንቋ ማዕከል ሆነ፤ በ1975 መዝገበ ቃላት ያሳተሙትና በ2020 ያረፉት ዱርቢን ፊሊንግም ስማቸው ተሰጠው። በዚያ ጎልማሶች ደመወዝ እየተከፈላቸው በሳምንት 40 ሰዓት ለሁለት ዓመት ከአረጋውያን ዘንድ ይማራሉ። የወረርሽኙ ክትባት በ2020 መጨረሻ ሲደርስ፣ ብሔሩ ቅድሚያ ከሰጣቸው መካከል ቋንቋውን የሚናገሩት ሰዎች ነበሩ። ቋንቋን እንደዚህ አድርጎ መጠበቅ ሰምተን አናውቅም።

ነገር ግን በሳክራሜንቶ ወይም በዳላስ ለሚኖር ቤተ ሰብ ይህ ምን ያደርግለታል? በሩቅ ሆኖ በኮምፒዩተር የሚሰጠውን ትምህርት በነፃ መከታተል ይችላል፤ በሳምንት አንድና ሁለት ሰዓት። በስልኩ ላይም ከ2010 ጀምሮ በሰኳያ ፊደል ለመጻፍ የሚችልበት መንገድ ተከፍቶለታል። ከሃያ በላይ በሚሆኑ ከተሞችም የቼሮኪ ማኅበሮች አሉ፤ ከታሌኳ ሹማምንትና መምህራን እየመጡ ይጎበኟቸዋል። ከምክር ቤቱ 17 ወንበሮች መካከል በውጭ ለሚኖሩት የተመደበው ግን ሁለት ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆን ሕዝብ በሁለት ሰዎች ብቻ ይወከላል። ይህ ፍትሕ አይደለም የሚሉ አሉ። በታሌኳ ያሉት ደግሞ፣ መንገዱና ሐኪም ቤቱ የእኛ ነው፤ ችግሩን በየቀኑ የማያይ ሰው ሊወስንልን አይገባም ይላሉ።

እኛ በገንዘቡ ረገድ ከታሌኳዎቹ ጋራ ነን። ሁለት ሺሕ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ከአጠገባቸው ለሚቀመጥ ተማሪ የሚወጣው ዶላር ቢቀር፣ ነገ በማንኛውም ገንዘብ አይገኝም። የሩቁ ሰው ትምህርት ግን ዐሥር ዓመት ቢዘገይም ይደረስበታል፤ የሚያስተምረው ካለ። በወንበሩ ረገድ ግን ሁለት እጅግ አነሰ እንላለን። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ልጆቻቸውን በሰንበት ቀን ፊደል ሲያስቈጥሩ ያየ ሰው፣ ወላጆች የሚደክሙት ከኋላቸው የሚጠራቸው ነገር እንዳለ ሲሰማቸው ብቻ መሆኑን ይገነዘባል። የማይጠራ ሰው አይመጣም።

ከሁሉ ደስ ያሰኘን የዘሩ ነገር ነው። ብሔሩ ከ2006 ጀምሮ የአያቶችን በቈሎ፣ ባቄላ፣ ዱባና ቅል ዘር ያከማቻል፤ በየዓመቱም በክረምታቸው መጨረሻ ለጠየቁት ዜጎች፣ በሌላ ግዛት ላሉትም ጭምር፣ በፖስታ ይልካል። ከባቄላው አንዱ በዚያ በእንባው ጉዞ እንደ ተወሰደ የሚነገርለት ነው። በ2020 ዘጠኝ ዓይነት ዘር በኖርዌይ፣ በስቫልባርድ በረዶ ውስጥ በተሠራው የዓለም የዘር ማከማቻ እንዲቀመጥ ተላከ፤ ከዩናይትድ ስቴትስ ነገዶች ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ነው። ከ1976 ጀምሮ የዘር ባንክ ላላት ለአገራችን ሥራው አዲስ አይደለም፤ በቤት አጥር ግቢ እንዲዘራ ለየቤተ ሰቡ መላኩ ግን የሚቀናበት ነው። ችግሩ በቈሎው ላይ ነው። ጎረቤት ሌላ በቈሎ ከዘራ ነፋሱ ያዳቅለዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚገኘው ዘር የአያት ዘር አይሆንም። ስለዚህ በከተማ የሚኖረው ሰው ባቄላውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ባቄላ ራሱን በራሱ ያዳቅላልና።

ይህን ሁሉ ለጓደኛችን ባጫወትነው ጊዜ ሣቁን ትቶ፣ «እስቲ የእኔን ስም በዚያ ፊደል ጻፍልኝ» አለን። ሞከርን። ስሙ በ«በ» ይጀምራል፤ ቼሮኪኛ ደግሞ በከንፈር የሚነገረው ድምፅ ከ«መ» በቀር የለውም። ሰማንያ አምስቱንም ምልክት ፈልገን አጣን። «እንግዲያው አዲስ ስም ያውጡልኝ» አለና ቡናውን ጨርሶ ወደ ሥራው ሄደ፤ ገጹን ግን አጣጥፎ በኪሱ ይዞት ነው የሄደው።